የውዝዋዜን ፌዝ (phase) ለካልኩሌተር ብቻ አትተውለት

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የጻፍክልኝ ተማሪ፣ ጥያቄህ ይሄ ነበር። ግማሽ ኪሎ ዕቃ በ50 ኒውተን በሜትር ሞላ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዓቱ ሲጀምር ከሚያርፍበት ቦታ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ በሴኮንድ 40 ሴንቲሜትር ፍጥነት ወደ ላይ እየሄደ ነው። አምፕሊቲዩዱ፣ ማለትም ዕቃው ከሚያርፍበት ቦታ የሚርቀው ትልቁ ርቀት፣ 5 ሴንቲሜትር መጣልህ። ፌዙ፣ ማለትም ሰዓቱ ሲጀምር ዕቃው ዙሩ የቱ ጋ እንደደረሰ የሚናገረው አንግል፣ ግን ላንተ 0.93 ራዲያን፣ መጽሐፉ ጀርባ ኔጌቲቭ 2.21። "መልሱ ስህተት ነው እንዴ?"

አይደለም ወንድሜ። አምፕሊቲዩዱን በትክክል ሰርተሃል፦ ኦሜጋ (የውዝዋዜው ፍጥነት በራዲያን በሴኮንድ፣ 50 ለ0.5 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ) 10፣ የዕቃው ፍጥነት ለኦሜጋ ሲካፈል 4፣ ከዚያ 3 እና 4 በፓይታጎረስ 5። እሱን እንለፈው።

ጣጣው ፌዙ ላይ ነው። በኮሳይን ከጻፍከውና ወደ ላይ ፖዘቲቭ ካልክ፣ መነሻው ኔጌቲቭ 3 ስለሆነ የፌዙ ኮሳይን ኔጌቲቭ 0.6 ነው። የፍጥነቱ ቀመር ደግሞ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ፖዘቲቭ እንዲወጣ ሳይኑ ራሱ ኔጌቲቭ 0.8 መሆን አለበት። ሁለቱም ኔጌቲቭ! አንተ ግን አካፍለህ ታንጀንት ስታደርጋቸው ምልክቶቹ ተሰረዙ፣ ካልኩሌተሩም ምስኪን ምን ያድርግ፣ ኢንቨርስ ታንጀንት ከኔጌቲቭ 90 እስከ 90 ዲግሪ ካለው ውጭ አይመልስም፣ 53 ዲግሪ ብሎህ ቁጭ አለ፣ ያ ነው 0.93 ራዲያንህ። ትክክለኛው ያለው ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ነው። 180 ቀንስለት፤ ኔጌቲቭ 127 ዲግሪ፣ ማለትም ኔጌቲቭ 2.21 ራዲያን። ፖዘቲቭ 233 ዲግሪ ብትለውም ያው ነው።

ካላመንከኝ 0.93ን መልሰህ አስገባው። ዕቃው 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ወደ ታች እየወረደ ታገኘዋለህ፣ የተሰጠህ ተቃራኒው። እኔ ይሄን ሳላይ መልስ አልቀበልም። በኮሳይን እስከጻፍክ ድረስ መነሻ ቦታው ኔጌቲቭ ሲሆን ካልኩሌተሩ ከሰጠህ አንግል ላይ 180 ዲግሪ ቀንስ ወይም ደምር።

ላብራቶሪ ስትገባ ደግሞ ዜሮህን ከየት እንደምትለካ ተጠንቀቅ። የኛ የጅማ ቡና ነጋዴ ኬሻውን የሞላ ሚዛን ላይ ሲሰቅል ቀስቱ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ያ የረጋበት ነው ዜሮህ። ብዙ ተማሪ ግን ከባዶው ሞላ ጫፍ ይለካል። ያንተ ዕቃ ሞላውን ገና ሳይወዛወዝ 9.8 ሴንቲሜትር ስቦታል፣ እሱን ከ3ቱ ጋር ከደመርከው አምፕሊቲዩዱም ፌዙም አብረው ይበላሻሉ። 10 ዙር ቆጥረህ ወደ 6.3 ሴኮንድ ካገኘህ ኦሜጋህ ልክ ነው። ትንሽ ከበለጠ ሰዓቱን አትውቀስ፣ ሞላው ራሱ ክብደት አለው፤ ሲሶውን ከዕቃው ጋር ደምረህ እንደገና አስላ።