ምስጡን ከመርጨታችን በፊት ስሙን እንወቅ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሰላም ለሁላችሁም። ክረምቱ ገብቶ አሸኑ መብራት ሥር መፍላት ከጀመረ ወዲህ «ይህ ምስጥ የአገራችን ነው ወይስ መጤ? በዲኤንኤ ይታወቃል?» የሚሉ ጥያቄዎች በዙብኝ። ሥራዬ ነፍሳትን በዘረመል መለየት ነው። የጠየቃችሁትን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ከአዘዞ፦ ቤቴ የጭቃ ነው፤ ማገሩን ምስጥ ጨርሶታል። ጎረቤቴ «ከውጭ የገባ አዲስ ዝርያ ነው፣ አስመርምር» እያለ ያስጨንቀኛል። ላስመርምር?

ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ። መጀመሪያ ግድግዳውን ከሥሩ ተመልከት። ከመሬት ተነሥቶ ወደ ማገሩ የሚወጣ የጣት ውፍረት ያለው የአፈር መሸፈኛ ካገኘህ ከመሬት የሚመጣ ምስጥ ነው። በእኛ አካባቢ የጭቃ ቤት የሚያፈርሰው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው የአገሩ ተወላጅ ነው። ስሙን ብታውቀው መፍትሔው አይለወጥም፤ እንጨቱን ከአፈር ማራቅ፣ መሠረቱን በድንጋይ ማንሣት፣ የተበላውን ማገር በጥድ ወይም በወይራ መተካት ነው። ምርመራ የሚያስፈልገው ውጤቱ የምታደርገውን ነገር የሚለውጥ ሲሆን ነው።

ከማራኪ፣ ተማሪ ነኝ፦ ዲኤንኤ ዝርያን እንዴት ነው የሚለየው? ምስጥ ሁሉ ያው ነጭ ነው።

ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፤ ትንሽ ላብራራው። የብራና መጽሐፍ አገልባጭ ሲጽፍ አንዳንድ ፊደል ይስታል። ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሌላው ጸሐፊ ያንኑ ግድፈት ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ግድፈት ከያዙ ከአንድ እናት መጽሐፍ መውረዳቸውን ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ዲኤንኤም እንደዚሁ ነው። በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ ጥቂት ፊደላት ይለወጣሉ። ተለያይተው የኖሩ ዝርያዎች ለየብቻቸው ለውጥ ያጠራቅማሉ።

ሙሉውን ማንበብ ግን አያስፈልግም። በማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል) ውስጥ ያለች አንዲት አጭር የዲኤንኤ ክፍል፣ 658 ፊደላት ገደማ ያላት፣ ለእንስሳት መለያ ባርኮድ ሆና ታገለግላለች። ምስጥ አጥኚዎች ከእርሷ ጋር ሌሎች ሁለት ሦስት የማይቶኮንድሪያ ክፍሎችንም ያነባሉ። ከአንድ ምስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ ጥቂት ስለሆነ በፒሲአር ይባዛል። ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ ክሮች ይላቀቃሉ፤ ሲቀዘቅዝ የምንፈልገውን ቦታ የሚያመለክቱ አጫጭር ቁራጮች ይለጠፋሉ፤ 72 ዲግሪ ላይ ኢንዛይሙ ቀሪውን ይገለብጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ከዚያ ፊደላቱ ይነበቡና ቀድሞ በስም ከታወቁት ጋር ይነጻጸራሉ።

ከዚሁ ተማሪ፦ ታዲያ በዓይን ማየት ቀረ ማለት ነው?

አልቀረም። እኔ ሁልጊዜ ወታደሩን ምስጥ፣ ማለትም የመንጋውን ጠባቂ፣ አስቀድሜ በአጉሊ መነጽር አያለሁ፤ የጭንቅላቱ ቅርጽና መንጋጋው ብዙ ይናገራል። ችግሩ ቤት ውስጥ በብዛት የምናገኘው ሠራተኛውን መሆኑ ነው፤ የብዙ ዝርያዎች ሠራተኞች ደግሞ ለዓይን አንድ ናቸው። የተጠነቀቀ ባለሙያም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1924 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የተገኘ ምስጥ ራሱን የቻለ የአውሮፓ ዝርያ ተብሎ ሬቲኩሊተርመስ ሳንቶኔንሲስ የሚል ስም ወጣለት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዘረመሉ ሲነበብ ሬቲኩሊተርመስ ፍላቪፔስ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ምስጥ ራሱ ሆኖ ተገኘ። አገሬው እንደ ተወላጅ ሲቆጥረው የኖረው ባሕር ተሻግሮ የገባ መጤ ነበር። የዲኤንኤ ጥቅም ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም ይነግረናል።

ከአራዳ፣ እናት ነኝ፦ ልጄ ምስጡን በአረቄ አድርጌ ላስቀምጥልህ እችላለሁ? ቤት ያለው እርሱ ነው።

እትዬ፣ ስለ አሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አረቄ ግን ውኃ ይበዛበታል፤ ዲኤንኤው ውስጡ ይበሰብሳል። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ነው የሚሻለው። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ለጥቂት ቀን ያቆያል፤ ቶሎ ከደረሰኝ ይበቃኛል። ፎርማሊን ግን በፍጹም አይንኩ፤ ዲኤንኤውን ይጎዳዋል።

ከቆላ ድባ፣ ካህን ነኝ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ከውጭ በስጦታ የመጣ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። ከሥሩ በየሳምንቱ እንደ ጤፍ ያለ ቡናማ ፍሬ ይፈስሳል። የአፈር መሸፈኛ የለውም። ምስጥ ነው?

አባታችን፣ ይባርኩን። ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ፍሬውን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። ስድስት ጎን ካለው የደረቅ እንጨት ምስጥ ኩስ ነው። ይህ ዓይነቱ አፈርና እርጥበት አይፈልግም፤ መንጋው በሙሉ በአንድ ወንበር ወይም በአንድ የሥዕል ክፈፍ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይኖራል። በዚሁ ምክንያት ከዕቃ ጋር አገር ለአገር ይዞራል።

ከእነዚህ በጣም የተስፋፋው ክሪፕቶተርመስ ብሬቪስ ነው። የምዕራብ ህንድ ደሴቶች ምስጥ ይባል እንጂ መነሻው የፔሩና የቺሊ በረሃማ የባሕር ዳርቻ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። ዛሬ በመርከብና በቤት ዕቃ ተጭኖ ብዙ አህጉር ደርሷል፤ በደቡብ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ከተሞችም ይገኛል። ወታደሩ ጥቁርና የተሸበሸበ፣ ቀዳዳ እንደሚደፍን ውታፍ ያለ ራስ አለው። ወታደሩን ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ እንጨቱን መፈልፈል ይጠይቃል። እዚህ ላይ ምርመራው ዋጋ አለው። የሩቅ አገር መጤ ከሆነ አንድ መደርደሪያ ማከም ብቻ ሳይሆን አብሮት የገባውን ዕቃ ሁሉ ፈልጎ ማግኘት ግድ ይሆናል።

እስከዚያው መደርደሪያውን ወደ ሌላ ክፍል አያዛውሩ፤ በላስቲክ ጠቅልለው ባለበት ያቆዩት። መጻሕፍቱን ግን ዛሬውኑ ያውጡ። የብራናው ገበታ እንጨት ነው፤ የወረቀቱ መጽሐፍም ለምስጥ ያው እንጨት ነው። እኔው መጥቼ አያለሁ።

ከመተማ፣ ነጋዴ ነኝ፦ ዕቃ የሚመጣበትን የእንጨት ፓሌት ለማገዶም ለአጥርም እንሸጠዋለን። አደጋ አለው?

ማኅተሙን እይ። ዓለም አቀፉ ደንብ የማሸጊያ እንጨት እስከ ልቡ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ፣ ወይም በጋዝ እንዲታከም ያዛል። የታከመው የስንዴ ዛላ ምልክት ይታተምበታል፤ የሞቀ ከሆነ ኤች ቲ፣ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ከሆነ ኤም ቢ የሚሉ ፊደላትን ይይዛል። ኤም ቢ ያለበትን ለምግብ ማብሰያ ማገዶ አትሽጠው። ምንም ማኅተም የሌለውን ግን ግቢ ውስጥ አታከማች። ፎርሞሳ የሚባለው ብርቱ ምስጥ ከምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መልስ በወታደር ጭነት እንጨት ውስጥ ሆኖ ነው። ኒው ኦርሊንስን እስከ ዛሬ ያሠቃያል።

ምስጥ የጉንዳን ዘመድ ነው?

አይደለም። ዘመዱ በረሮ ነው። ይህንንም በእርግጠኝነት ያሳየን ዲኤንኤ ነው።

ከፒያሳ፦ ውጤቱ «99 በመቶ ይመሳሰላል» ካለ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማነጻጸሪያው ቤተ መጻሕፍት (በስም የተመዘገቡ የዲኤንኤ ንባቦች ስብስብ) ውስጥ ያለው ስም ራሱ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የተሳሳተ ስም ሰጥቶ ካስገባው ኮምፒውተሩ ያንኑ ይደግምልሃል። ስለዚህ ስሙን ማን እንደሰጠውና ናሙናው የት እንደተቀመጠ ሳላይ አላምንም። የአፍሪካ ምስጥ ብዙው ገና ስላልተመዘገበ «92 በመቶ ይመሳሰላል» የሚል ውጤት ሲመጣ «አዲስ መጤ ነው» ብሎ መጮህ አይገባም፤ ማንም ያልመዘገበው የራሳችን ምስጥ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ስም የተጠና ናሙና ቢበዛ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሌላም ነገር አለ። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ የፎርሞሳው ምስጥና የእስያው ዘመዱ ክንፋሞች በአንድ ወቅት ወጥተው ሲጋቡ ታይተዋል፤ ዲቃላ መንጋም ያፈራሉ። የዲቃላውን ማይቶኮንድሪያ ብቻ ብታነብ የእናቱን ስም ሰጥቶህ አባቱን ይደብቅሃል። ጥርጣሬ ሲኖር ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው የኒውክሊየሱ (የሕዋሱ እምብርት) ዘረመልም መታየት አለበት።

እህቴ አሜሪካ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ምስጡን በፖስታ ልላክላት?

አይሆንም። የአገር ዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህንን ይገዛል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የተነበቡትን ፊደላት ለማነጻጸር የምትረዳህ ከሆነ ግን ሥራው በኢንተርኔት ያልቃል።

ከደምቢያ፣ ገበሬ ነኝ፦ ማሳዬ ላይ ያለውን ኩይሳ ሁሉ ላፍርሰው? መጤ ከሆነ ብዬ ነው።

ጋሼ፣ ኩይሳ ሠሪው የአገር ልጅ ነው። ፈንገስ አብቅሎ የሚበላው ወገን ነው፤ ከዝናብ በኋላ ከኩይሳው ላይ የምትለቅሙት ትልቁ እንጉዳይ ከእርሱ እርሻ የሚወጣ ነው። በዓለም ወደ 3,000 ከሚጠጉ የምስጥ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ወራሪ ተብለው የተቆጠሩት 28 ናቸው። ሰብልዎን እየበላ ከሆነ የሰብሉን መፍትሔ እንነጋገር፤ ዳር ላይ ያለውን ግን ይተዉት፤ አፈሩን ይገለብጥልዎታል፣ ውኃ ያሰርግልዎታል።

ናሙና ማምጣት ለምንፈልግ፣ እንዴት እንያዝ?

ከአንድ መንጋ ብቻ አሥር ያህል ሠራተኛ፣ የተገኘውን ያህልም ወታደር በለስላሳ ብሩሽ አንሡ። ወታደር ሳትይዙ አትምጡ፤ አንድም ቢሆን ይረዳኛል። ኢታኖሉን በማግሥቱ ቀይሩት፤ ከምስጡ አካል የሚወጣው ውኃ ያቀጥነዋል። እኔ ዲኤንኤውን የማወጣው ከጭንቅላቱ ወይም ከእግሩ ነው፤ ሆዱ በጥቃቅን ተሕዋስያን የተሞላ ስለሆነ ንባቡን ያውካል። ስለዚህ ሳትጨፈልቁ ያዙት። በጠርሙሱ ውስጥ ቦታውን፣ ቀኑንና የእንጨቱን ዓይነት የያዘ ወረቀት ክተቱ። በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።