ወንድሜ የናይት ሲቲ ሰው ሆነብኝ

ሰላም ጋሼ፣

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ሥራ ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። ማታ ማታ ሳይበርፐንክ 2077 የሚባል ጌም ይጫወታል። መጫወቱ አይደለም የከፋኝ። ጌሙ ውስጥ ናይት ሲቲ የምትባል ከተማ አለች፤ መሃሏ ላይ ኮርፖ ፕላዛ የሚሉት የትልልቅ ኩባንያዎች ሰፈር አለ፣ ፎቅ በፎቅ የሆነ፣ ሰው በገንዘቡ ልክ የሚከበርበት። ወንድሜ በዚህ ሰፈር ፍቅር ወድቋል። «እዚያ ማንም የማንም ሸክም አይደለም» ይላል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን እናታችን ታማ የሕክምናውን ወጪ እንካፈል ብለው «ቀድማ ለራሷ ማስቀመጥ ነበረባት» አለኝ። ክው ነው ያልኩት። ጌሙን ልከልክለው? ወይስ ዝም ልበል?

ግራ የገባት እህት

እህቴ፣ እግዜር እናትሽን ይማርልሽ።

ጌሙን አትከልክዪው። በፈረንጆቹ 2020 ከወጣ ወዲህ እኔም ተጫውቼዋለሁ፣ እና ወንድምሽ ሰፈሩን ወደደው እንጂ ታሪኩን ልብ አላለውም። ጌሙ ሲጀመር ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ቪን፣ የኩባንያ ሰው አድርጎ መጀመር ይቻላል። ቪ አራሳካ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጥሩ ቦታ አለው። አለቃው ሌላዋን አለቃ አስወግድልኝ ይለዋል፣ ነገሩ ይታወቅና ቪ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ የኩባንያው ሰዎች መጥተው ሥራውንም ገንዘቡንም እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ይነጥቁታል። ያ ሁሉ ባልደረባ አንድም ሰው አይደርስለትም። አብሮት የሚቆመው ጃኪ ነው፣ ሄይዉድ የሚባል ሰፈር ያደገ ጓደኛው።

ትራውማ ቲም የሚባሉትንም ጠይቂው። ቪ እና ጃኪ ራሷን የሳተች ሴት በረዶ ከሞላው ገንዳ አውጥተው በረንዳ ላይ ያደርሷታል። የሕክምና ቡድኑ በአየር ይመጣል፤ ያዳኗት ሰዎች ላይ መሣሪያ ደግኖ እሷን ብቻ ይዞ ይሄዳል። የመጣውም ፕላቲነም የሚሉት፣ ብዙ የሚከፍል ደንበኛ ስለሆነች ነው። አብሯት ገንዳው ውስጥ ለነበረው ሌላ ሰው ማንም አልመጣም። ወንድምሽ ስለ እናቱ የተናገረው ይህንኑ ነው፣ ግን ስም ሰጥቶ የነገረው ሰው የለም። አንቺ ንገሪው። ሳትጮሂ፣ ምግብ ስትበሉ፣ ፊት ለፊት።

ደግሞ ፍርሃትም ሊኖርበት ይችላል። የመጀመሪያ ደመወዙን የያዘ ልጅ ቤተሰብ ሙልጭ አድርጎ ይወስድብኛል ብሎ ይሰጋል፣ ስጋቱን ግን እንደዚያ ብሎ መናገር ያሳፍረዋል፤ «ሁሉም ለራሱ» ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ «እናትህ አይደለችም እንዴ» ብለሽ አትጀምሪ። ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ሕክምናው ይህን ያህል ነው፣ እኔ ይህን እከፍላለሁ፣ ካንተ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፣ እስከዚህ ቀን ድረስ በዪው። ልኩን ሲያውቅ ይረጋጋል።

እምቢ ካለም ከቤት አታባርሪው፣ ግን ነገሩን አትሸፋፍኚለት። እናታችሁ ጋ አብራችሁ ሂዱና ያለውን እሷ ፊት ይድገመው። የሚችል አይመስለኝም። እስከዚያው ሕክምናውን እሱ እስኪስማማ ብለሽ አታዘግዪ፤ ከሌሎች ዘመዶች ተበድረሽም ቢሆን ጀምሪ።