የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደም ሳይቀዳ በብርሃን መለካት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ የምኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀጭን የፋይበር ፕሮብ (ብርሃን አስተላላፊ ክሮች ያሉት መመርመሪያ) ቆዳ ላይ በማሳረፍ ብቻ የሕብረ ሕዋስን ጠባይ መለካት እንደሚቻል ሰምቻለሁ። እንዴት ይሆናል? የቆዳችን ጥቁረትስ ውጤቱን አያዛባም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በተለመደው ፕሮብ ጫፍ ላይ አንዱ ፋይበር ነጭ ብርሃን ወደ ቆዳ ሲያስገባ፣ ሌላው ከውስጥ ተበትኖ የተመለሰውን ተቀብሎ ብርሃንን በየቀለሙ ለይቶ ወደሚለካው መሣሪያ፣ ወደ ስፔክትሮሜትር፣ ያደርሳል። ብርሃኑን በዋነኛነት የሚመጥጡት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንና ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ናቸው፤ የሚበትኑት ደግሞ እንደ ኮላጅን ክሮች (የቆዳ ደጋፊ ፕሮቲን) እና ማይቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አካላት) ያሉት ናቸው። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን በ542 እና በ577 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ሁለት የመምጠጥ ጉብታዎች ሲኖሩት፣ ኦክስጅኑን የለቀቀው በ555 አካባቢ አንድ ብቻ ስላለው፣ ስፔክትሮሜትሩ ከሚስለው መስመር ቅርጽ የኦክስጅኑን ሁኔታ ማንበብ ይቻላል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ግን የተመለሰው ብርሃን ያነሰው ብዙ ስለተመጠጠ ይሁን ትንሽ ስለተበተነ በአንድ ልኬት ብቻ አለመለየቱ ነው። ስለዚህ ተቀባይ ፋይበሮች ከብርሃን ሰጪው በተለያየ ርቀት ይደረደራሉ፤ የራቀው ፋይበር በአማካይ ጠለቅ ብሎ ያለፈውን ብርሃን ይቀበላል። መሣሪያውም አስቀድሞ ጠባዩ በሚታወቅ፣ ከስብ ፈሳሽና ከቀለም በተዘጋጀ ሰው ሠራሽ ናሙና ይስተካከላል።

ሜላኒን የሚገኘው በላይኛው ስስ የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ስለሆነ ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም ያልፍበታል። የመምጠጥ አቅሙ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ያለ ጉብታ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከሄሞግሎቢን በስሌት ይለያል፤ ሆኖም የሚመለሰው ብርሃን ስለሚደክም ረዘም ላለ ጊዜ መቀበል ያስፈልጋል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ ያለፈበት ድግግሞሽ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በጥቁር ቆዳ ላይ ያልተፈተነ መሣሪያ ለእኛ ሕሙማን ሊታዘዝ አይገባም እንላለን።

ከሁሉ በላይ የምናሳስብዎ የእጅዎን ጫና ነው። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ጫን ቢሉት ደሙ ሸሽቶ ነጣ ይላል፤ ፕሮቡም ሲጫን እንዲሁ ደሙን ገፍቶ ልኬቱን ያሳንሳል፤ ስለዚህ ቆዳውን ነክቶ ብቻ ይረፍ። የድሬዳዋ የቀትር ሙቀትም የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ፣ አንድ ሰው በዚያ ሰዓት የሚሰጠው ውጤት ሐረር ላይ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ከሚሰጠው ሊለይ ይችላል። ተመርማሪውን ጥላ ውስጥ አሳርፈው፣ የክፍሉን ሙቀት መዝግበው፣ በአንዱ ቦታ ላይ ደጋግመው ይለኩ።