ለጣርማ በርም ለውድድር ሜዳም የሚሆን ጎማ

ወንድሜ፣ በየቀኑ ደብረ ብርሃን–ደብረ ሲና ለሚመላለስ፣ አልፎ አልፎም ውድድር ሜዳ ለሚገባ መኪና የቱ ጎማ ይሻላል ብለሃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስበው በመንገድህ ላይ ያለውን የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ለስላሳ የውድድር ጎማ ካልሞቀ መንገዱን በደንብ አይይዝም። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ለሙቀት የተሠራ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይጠነክራል። ጉምና ዝናብ ሲጨመርበት ያ ቁልቁለት አይምርም። ስለዚህ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ፣ ጎኑ ላይ ትሬድዌር (ቶሎ አለማለቁን የሚያሳይ ቁጥር) 300 አካባቢ የተጻፈበት ስፖርት ጎማ ውሰድ። 200ው ሜዳ ላይ ይበልጣል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከመክፈልህ በፊት የምርት ቁጥሩን እይ፤ መጨረሻው 1223 ከሆነ በ2023 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይደርቃል፣ እባክህ ረከሰ ብለህ አትግዛ። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ አስለካ።