ሳትጠየቂ ራስሽን አታስቀሪ

እኅቴ፣ ደሴ ላይ በኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ 4 አጠናቀሽ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲውን)ም አልፈሽ፣ አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ያወጣውን የጥገና ሠራተኛ ማስታወቂያ ካነበብሽ በኋላ ሳትመዘገቢ መመለስሽን ጽፈሽልኛል። ያስቀሩሽ ነገሮች «ለጥገና ሴት አይወስዱም» መባሉና የሌሊት ፈረቃው ናቸው፤ የራስሽን የሞተር መጠገኛ በብድር እንዳትከፍቺ ደግሞ በመያዣነት የምታቀርቢው በስምሽ ካርታ ያለው ቤት የለም።

የመጀመሪያውን ማን እንደነገረሽ በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት አብረውሽ የተማሩትን ልጆች ብቻ ነው፤ ፋብሪካው አንድም ቃል አልተናገረሽም። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ስምሽ መዝገቡ ላይ ስለሌለ አሠሪው «ሴት አመልካች አልመጣችም» ይላል፣ የከርሞዋ ተመራቂም ያንኑ ወሬ ሰምታ ትቀራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ሴት ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣችም ቅድሚያ እንዲሰጣት ያዛል። ይህ ድንጋጌ ግን የሚጠቅምሽ ተመዝግበሽና ተፈትነሽ ውጤት ስትይዢ ነው።

የሌሊቱ ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ አላቃልልብሽም። ሆኖም አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ የሚከለክለው ነፍሰ ጡርን እንጂ ሴትን ሁሉ አይደለም፤ ስለዚህ ያንቺ ችግር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጨለማ ወጥቶ ቤት መግባቱ ነው። ፈረቃው በስንት ቀን እንደሚቀያየር፣ ሰርቪስ መኖሩንና እስከ የት እንደሚያደርስ በቃለ መጠይቁ ላይ ሳታፍሪ ጠይቂ፤ ሰርቪስ ከሌለ ኮምቦልቻ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ቤት ተከራይተሽ ከደመወዝሽ ምን እንደሚተርፍ አስቢ። አባትሽ ሥራውን እንደማይወዱት ጽፈሻል፤ የሚፈሩት መንገዱን ከሆነ ግን ይህን መልስ ይዘሽ ስትቀርቢያቸው ንግግሩ ሌላ ይሆናል።

ስለ ብድሩ፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንና ተሽከርካሪን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲቀርብ ፈቅዷል። አንቺ ግን ገና የምታስይዢው ማሽን የለሽም፤ ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሁለት ዓመት ያህል በፋብሪካ ሠርተሽ እጅሽን ብታፍታቺ፣ ቁጠባም ብትጀምሪ ይሻላል።

ምዝገባው ካልተዘጋ ነገ ጠዋት የትምህርት ማስረጃሽንና የሲኦሲ ሰርተፊኬትሽን ዋናውንና ኮፒውን ይዘሽ ወደ ኮምቦልቻ ውረጂ። «ሴት አንመዘግብም» ካሉሽ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ የመለሱልሽንም ጻፊልኝ።