የምስር ፍሬ የምታህል ስህተት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መልእክት ላከችልኝ። የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራው። በጂአይኤስና ሪሞት ሴንሲንግ፣ ማለትም ካርታን በኮምፒውተር መሥራትና ምድርን ከሳተላይት ምስል ማንበብ፣ የኦንላይን ማስተርስ ልትጀምር ነው። ስለ ክፍያው ወይ ስለ ኢንተርኔቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ቪዲዮውን ካየሁ ይገባኛል። የተማሪዎቹ መወያያ ገጽ ላይ ግን ስሜ ስለሚወጣ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ምንም ሳልጠይቅ መጨረስ ይቻላል?»

ይቻላል። ችግሩም እሱ ነው። አጭር መልስ ጽፌላት ልተኛ ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ረጅሙን ለሁላችሁም ልጻፈው።

የካቲት 1993 ዓ.ም. ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ላለ አንድ ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ነው። እኔ 30 ዓመቴ ነበር። ጂፒኤስ ገና ብርቅ ነው። አሜሪካኖች ሲግናሉን ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር ቦታ እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። በሚያዝያ 1992 ማዛባቱን ሲያቆሙ መሣሪያው በአንድ ሌሊት ጎበዝ ሆነ። እኔም አብሬው ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

ቦታውን የመረጡት አንጋፋ ጂኦሎጂስት ነበሩ። ጂፒኤስ አይወዱም። ኮምፓሳቸውንና ባለ 1:50,000 ካርታቸውን ይዘው፣ ድንጋዩን በመዶሻ እየፈለጡ ሁለት ቀን ዞሩ። መጨረሻ ላይ ካርታው ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አደረጉ። የምሥራቁንና የሰሜኑን ቁጥር ከካርታው መስመሮች ላይ አንብበው በብጣሽ ወረቀት ጻፉልኝ። የቁፋሮው ዕለት አመማቸው። «አንተ ታደርሳቸዋለህ» አሉኝ።

ቁጥሩን ጂፒኤሱ ላይ አስገባሁ። የመቆፈሪያ ማሽኑን የጫነው መኪና እያጓራ ይከተለኛል። የቀበሌው ሰው ግማሹ ከኋላዬ ነው። ቀስቱ እየመራኝ ሄድኩ፣ ዜሮ ሜትር ሲል ቆምኩ። የቆምኩት ከወንዟ ወዲህ፣ የታጨደ ባቄላ ማሳ ዳር ነው። ካርታውን ዘረጋሁት። የእርሳሷ ነጥብ ከወንዟ ማዶ ነበረች።

አየሁት እኮ! አላየሁም አልልም።

አንዲት ጀሪካን ያዘሉ እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሰውዬው የቆሙት እዚያ ማዶ፣ ወይራዋ ሥር ነው» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? «እማማ፣ ይሄ መሣሪያ ከሰማይ ነው የሚያነበው፣ አይሳሳትም።» ይህ አነጋገሬ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አራት ቀን ተቆፈረ። ከ100 ሜትር በላይ ወረዱ። የሚወጣው ግራጫ ዱቄት ብቻ ነው፤ የሚርስ ነገር የለም። በመጀመሪያው ቀን ሕፃናቱ ውሃው ፊን ሲል ሊያዩ ተደርድረው ነበር። በአራተኛው ቀን አልመጡም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ካርታው ላይ ሻይ ጠብ አለብኝ። ስጠርግ ከሥሩ፣ ጠርዙ ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመውን አነበብኩ። ዳተሙ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮቹ የሚቆጠሩበት መነሻ፣ አዲንዳን ነው ይላል። የኔ ጂፒኤስ ደግሞ የተሞላው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ነበር። ሁለቱ የምድርን ቅርጽ የሚለኩበት መነሻ ይለያያል። በኛ አገር አንዱን ቁጥር ለሌላው ከተጠቀምክ ከ200 ሜትር በላይ ትስታለህ። እኔ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስቼ ነበር። በካርታው ላይ ይህ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አንዲት የምስር ፍሬ ብታስቀምጡበት ትሸፍነዋለች።

ዳተም የሚለውን ቃል አላውቀውም እንዳልል፣ ተምሬዋለሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እንቁላል የመሰሉ ሁለት ነገሮች ደራርበው ሳሉና «ገባችሁ?» አሉ። ስልሳ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ።

ሪፖርቱ ላይ «ደረቅ ጉድጓድ» ተብሎ ተጻፈ። በስብሰባው የቦታ መረጣው ተተቸ። አንጋፋው ጂኦሎጂስት መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ዝም ብለው ሰሙ። እኔ ያኔ ምክንያቱን አውቄያለሁ። ከሳቸው ሁለት ወንበር አለፍ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ጡረታ ሲወጡ ካባ አልብሰን ሸኘናቸው። ያኔም አልነገርኳቸውም። ቀብራቸው ላይ ለልጃቸው ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩና «ጥሩ ሰው ነበሩ» ብዬው ተመለስኩ። ማዶ ቢቆፈር ውሃ ይገኝ ነበር ወይ? አላውቅም። እሱም አንድ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ወደ ማስተርሱ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር የኦንላይን ትምህርት ብዙም አይዋጥልኝም። በኛ ጊዜ ካርታ የነካ ሁሉ ዓይኑ ኔዘርላንድስ፣ ኤንስኬዴ ከተማ ያለው አይቲሲ የሚባለው የካርታ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። ከዚያ የተመለሰ ሰው ወሬው ሁሉ ብስክሌትና አይብ ነው። እኔ አልደረሰኝም። ግን እዚሁ ስቴሪዮስኮፕ የሚባል ነገር ላይ ጎንበስ ብዬ ሁለት የአየር ፎቶዎች ሲገጣጠሙ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። ጋራው ከወረቀቱ ብድግ አለ። አፍንጫዬን የሚነካኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አጠገቤ የነበረው ቴክኒሻን ሳቀብኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገር ጠየቅኩት። ይሄን ስክሪን አይሰጥም።

ግን እኔ ማን ነኝና? የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት የሚተነተንበትን ጉግል ኧርዝ ኢንጅንን የተማርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ከአንድ ህንዳዊ ወጣት ዩቲዩብ ላይ ነው። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩበት ዓመታት ይልቅ እነዚያ ሌሊቶች ብዙ አስተምረውኛል። ስለዚህ ተማሪ፣ ልጄ። አንቺ ወረዳ ተቀምጠሽ ከሥራሽ ሳትነቀይ የምትማሪው ነገር ለኛ ሕልም ነበር።

የዩኒቨርሲቲውን ዕውቅና ምናምን አልነግርሽም፣ እሱን ታጣሪያለሽ። ኢንተርኔትሽ ደካማ ከሆነ ግን ትልልቅ የሳተላይት ምስል ስታወርጂ አትደሪ። ኧርዝ ኢንጅን ላይ ስሌቱ የሚሠራው ጉግል ዘንድ ነው፤ ወዳንቺ የሚመጣው ውጤቱ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ክራክ፣ ማለትም የተሰረቀ ሶፍትዌር፣ ፍለጋ ቫይረስ አትሸምቺ። ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ የእኩለ ሌሊት ማስረከቢያቸው ላንቺ ጠዋት 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዞሩ ይቀያየራል። በዚህ የተነሳ ሥራው የዘገየበት አንድ ልጅ አውቃለሁ።

የዛሬ ልጆች ካርታ ማለት ቀለም ይመስላችኋል። አንዳንዱን ሳየው የሠርግ ድንኳን ነው። «ፕሮጀክሽኑ፣ ክቡ ምድር ወረቀት ላይ የተዘረጋበት መንገድ፣ ምንድን ነው?» ስል «ራሱ ነው የመረጠው» ይሉኛል። ራሱ ማን ነው? ለመካከለኛው የአገራችን ክፍል በአዲንዳን የተሠራ ካርታ ፕሮጀክሽኑና ዳተሙ ለሶፍትዌሩ የሚነገርበት ኮድ 20137 ነው፤ በደብልዩጂኤስ 84 ከሆነ 32637። ጋምቤላና ጂጂጋ ደግሞ ሌላ ሌላ ዞን፣ ማለትም ሌላ የካርታ ቁራጭ፣ ውስጥ ናቸው፤ ኮዳቸውም ይለያል። ኮዱን አሳስተሽ ብትሰጪው ሶፍትዌሩ አይጮህም። 200 ሜትር ፈቀቅ አድርጎ አሳምሮ ይስልልሻል። የይዞታ ካርታ ላይ 200 ሜትር ማለት የሰው መሬት ነው፤ እሱን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ በስልሳ ሰው መሃል ቢያንስ ራሴን መነቅነቅ ነበረብኝ። አንቺ እሱም አያስፈልግሽም። ካሜራሽን አጥፍተሽ፣ ማይክሽን ዘግተሽ፣ የታዘዝሽውን ደረጃ በደረጃ እየተጫንሽ ሁለቱን ዓመት ታልፊያለሽ። ጥሩ ውጤትም ታመጪ ይሆናል። ስሜ ይወጣል ያልሽው ልክ ነው፣ ይወጣል። ይውጣ። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ስለ ዳተም ይሁን፤ የማይረባ ጥያቄ ከመሰለሽ «አንድ ሽማግሌ ጠይቂ አለኝ» በይ።

ለማንም ተናግሬ የማላውቀው አንድ ልማድ አለኝ። አንዳንዴ ማታ ያችን ቦታ በሳተላይት ምስል እከፍታታለሁ። እኛ የቆፈርንበት አሁንም ማሳ ነው። ወንዟ ክረምት ክረምት ትታያለች። ማዶ ላይ ጥላዋ ክብ የሆነ አንዲት ዛፍ አለች። ከሥሯ እስካሁን ማንም አልቆፈረም።