ወንጀለኛው በሌላ አገር ሲሆን የመክሰስ ሥልጣን የማን ነው?

ጥያቄ፦ የንግድ ኢሜይሌን ሰብረው የገቡ ሰዎች በስሜ የሐሰት የክፍያ መጠየቂያ ለደንበኛዬ ልከው ገንዘቡን ወሰዱ። ገንዘቡ የገባበት የባንክ ሒሳብ በአንድ አገር፣ የተጠቀሙበት ሰርቨር በሌላ አገር ነው፤ እኔ የምኖረው በሦስተኛ አገር ነው። ፖሊስ «ተጠርጣሪው ከግዛታችን ውጭ ነው» ብሎ መዝገቡን እንዳይዘጋብኝ እሰጋለሁ። የመክሰስ ሥልጣን ያለው ማን ነው? አገሩ አሳልፋ ካልሰጠችውስ ሳይቀጣ ሊቀር ነው?

መልስ፦ ተጠርጣሪው ውጭ አገር መሆኑ ብቻውን መዝገብ አያዘጋም። ብዙ አገሮች ድርጊቱ በግዛታቸው ሲፈጸምም ሆነ ጉዳቱ በግዛታቸው ሲደርስ ክስ የመመሥረት ሥልጣን አለን ስለሚሉ፣ በእርስዎ ጉዳይ ሦስቱም አገሮች ሊከሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለፊርማ የቀረበው የቡዳፔስት የሳይበር ወንጀል ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) እንዲህ ሲያጋጥም አገሮቹ ክሱ የት ቢቀርብ እንደሚሻል እንዲመካከሩ ይደነግጋል።

ቀድሞ ትልቁ እንቅፋት የሕግ ክፍተት ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ መርማሪዎች በቀናት ውስጥ ማኒላ ካለ ተጠርጣሪ ዘንድ ደርሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ ፊሊፒንስ ድርጊቱን የሚቀጣ ሕግ አልነበራትም፣ በቀጣዩ ወር ያወጣችውም ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ ክሱ ቀረ። ተጠርጣሪን አሳልፎ ለመስጠትም ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች ወንጀል መሆን ስላለበት ያም መንገድ ዝግ ነበር።

ዛሬ በእኔ እምነት ፍትሕን ይበልጥ የሚያሳጣው የማስረጃ መጥፋት ነው። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ አገልግሎት ሰጪዎች ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይዘውት ሊሰርዙት ይችላሉ፤ በአገሮች መካከል የሚደረግ የሕግ ትብብር ጥያቄ ግን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ኮንቬንሽኑ ትብብሩ እስኪጠየቅ ድረስ መረጃው ቢያንስ ለ60 ቀናት ሳይነካ እንዲጠበቅ ያስገድዳል፤ አባል አገሮችም ሌት ተቀን የሚሠራ የመገናኛ ክፍል እንዲኖራቸው ይጠይቃል። እርስዎም ለፖሊስ በሚያስገቡት ማመልከቻ መረጃው በአስቸኳይ እንዲጠበቅ ለሚመለከተው አገር ጥያቄ እንዲላክ በግልጽ ይጠይቁ። የሐሰት ኢሜይሉ የደረሰው ደንበኛዎ ዋናውን ኢሜይል ከነራስጌው (ከኢሜይሉ ጋር ከሚመጣው የጉዞ መረጃ ጋር) በፋይል ያስቀምጥ፤ መልእክቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም ፎቶውን ማንሳት የመጣበትን መስመር የሚያሳየውን ዝርዝር ያስቀራል። ደንበኛው ባንኩንም ዛሬውኑ ያሳውቅ።

ብዙ አገሮች ዜጋቸውን አሳልፈው አይሰጡም። የኮንቬንሽኑ አባል የሆነ አገር ግን በዜግነቱ ምክንያት ብቻ አልሰጥም ካለ፣ ጠያቂው አገር ሲያመለክት ጉዳዩን ለራሱ ዐቃቤ ሕግ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ያ ዐቃቤ ሕግ የሚመረምረው ከእርስዎ አገር የሚላክለትን መዝገብ ስለሆነ፣ ማስረጃዎ አሁኑኑ ተሟልቶ መያዙ ያን ጊዜም ወሳኝ ነው።